ሰማይ የማን አደራ ነው?

ሳተላይት ምሕዋሩን ይዞ እንዲቆይ የሚያደርገው ፍጥነቱ ነው። ከምድር ገጽ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ የሚዞር ሳተላይት በሰከንድ 7.8 ኪሎ ሜትር ያህል ካልተጓዘ የምድር ስበት ጎትቶ ያወርደዋል። ይህን ፍጥነት ሲያገኝ ቁልቁል መሳቡ ባይቀርለትም፣ ምድር ክብ ስለሆነች ገጿ ከሥሩ እየጎበጠ ይርቀዋል፤ በዚህም የተነሣ መሬት ሳይነካ በ90 ደቂቃ ገደማ ዙሪያዋን ይጨርሳል። ሮኬት ይህን ፍጥነት ለመስጠት የሚፈጅበት ጊዜ አሥር ደቂቃ ያህል ነው። ምድርም በዛቢያዋ ስለምትሽከረከር ሳተላይቱ በእያንዳንዱ ዙር በሌላ አገር አናት ላይ ያልፋል። ድንበር አያግደውም፤ የሚያልፍባቸውን ሕዝቦችም ፈቃድ አይጠይቅም።

ሳተላይት የሃይማኖትና የፍልስፍና ጥያቄ የሚያስነሣው በዚህ ባሕርዩ ነው። አንድ መንግሥት ወይም አንድ ኩባንያ ከገዛ ግቢው የሚያስነሣው ዕቃ በሰው ሁሉ ራስ ላይ ይውላል፣ ያድራል። ስለዚህ ሦስት ጥያቄዎች ተከታትለው ይመጣሉ። ሰው ወደ ሰማይ መውጣቱ የተገባ ነው ወይስ ድፍረት? ወጥቶ የያዘው ስፍራ የማን ነው? በዚያ ስፍራ ስለተጠቀመ ላልወጡትና ገና ላልተወለዱት ምን ዕዳ አለበት? ጥያቄዎቹ የሚፈቱት ግን ሳተላይት እንዴት እንደተጀመረ ከታወቀ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ዝምታ

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 1957 ሶቪየት ኅብረት ዛሬ ካዛክስታን ከሚባለው አገር፣ ኋላ ባይኮኑር ከተባለው ጣቢያ፣ ስፑትኒክ 1ን አመጠቀች። (ከዚህ በታች ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዘመኑ የአውሮፓውያን ነው።) ስፑትኒክ 58 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ እንደ መስታወት የተወለወለ የብረት ድቡልቡል ነበር፤ 83.6 ኪሎ ግራም ይመዝናል፣ ወደ ኋላ የተዘረጉ አራት ረጃጅም አንቴናዎችም ነበሩት። የያዘው ዋና ነገር የሬዲዮ ማሰራጫና ባትሪ ነው። ድምፁን በተራ የሬዲዮ መቀበያ መስማት ስለሚቻል በብዙ አገሮች አማተር የሬዲዮ ሰዎች ሌሊቱን ቁጭ ብለው አዳመጡት። ባትሪው ሦስት ሳምንት ሠርቶ አለቀ፤ ድቡልቡሉም ጃንዋሪ 4 ቀን 1958 ወደ ከባቢ አየር ተመልሶ ተቃጠለ።

በእነዚያ ሦስት ወራት ከተፈጸመው ሁሉ ለፍልስፍናው የሚከብደው አንድም መንግሥት አለመቃወሙ ነው። በ1944 በቺካጎ የተፈረመው የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት እያንዳንዱ አገር ከመሬቱ በላይ ባለው አየር ላይ ፍጹም ሉዓላዊነት እንዳለው ደንግጓል፤ አውሮፕላን ያለ ፈቃድ የሰው አገር አየር ከገባ ጥሰት ነው። ሳተላይት ግን ብዙ አገሮችን በቀን ብዙ ጊዜ ሲያቋርጥ ዝም ተባለ። ዝምታው ለአሜሪካም ተስማምቷታል፤ የስለላ ሳተላይት እያዘጋጀች ስለነበር ተቀናቃኟ መንገዱን ቀድማ ከፈተችላት።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ በ1960 በግልጽ ታየ። በሜይ 1 ቀን ሶቪየቶች ዩ-2 የተባለውን የአሜሪካ የስለላ አውሮፕላን መትተው ጣሉ፤ አብራሪው ተያዘ፣ የኃያላኑ ጉባኤም ፈረሰ። በዚያው ዓመት በኦገስት አንድ የአሜሪካ ሳተላይት የሶቪየትን ምድር ፎቶግራፍ አንሥቶ ፊልሙን በፓራሹት መለሰ፤ የሸፈነውም ስፋት የዩ-2 በረራዎች ሁሉ ተደምረው ከሸፈኑት ይበልጥ ነበር። ይኸኛው እንደ አውሮፕላኑ ጦር የሚያማዝዝ ጥሰት ተብሎ አልተቆጠረም። አንድን ሥራ በ20 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወንጀል፣ በ200 ኪሎ ሜትር ከፍታ መብት ያደረገው የታሰበበት የሥነ ምግባር መርሕ አልነበረም፤ ማንም ሊያስቆመው አለመቻሉና ሁለቱም ኃያላን መፈለጋቸው ነው። ሰማይ የሁሉም ነው የሚለው ሐሳብ በሕግ ከመጻፉ በፊት በጉልበት ተጀምሯል።

ከጦር ቤት የወጣ መንገድ

ስፑትኒክን የተሸከመው አር-7 ሮኬት የተሠራው የኑክሌር ቦምብ ከአህጉር ወደ አህጉር ለማድረስ ነበር። ንድፈኛው ሰርጌይ ኮሮሊዮቭ በስታሊን ዘመን ታስሮ በኮሊማ የጉልበት ሥራ ካምፕ መከራ ያየ ሰው ነው፤ ስሙም እስከ ሞተበት እስከ 1966 ድረስ ለሕዝብ አልተገለጸም። በአሜሪካ በኩል ኤክስፕሎረር 1 የተባለውን ሳተላይት በጃንዋሪ 31 ቀን 1958 ያመጠቀው ሮኬት የቨርነር ፎን ብራውን ቡድን ሥራ ነው። ይህ ቡድን ቀደም ሲል ለናዚ ጀርመን ቪ-2 የተባለውን የጦር ሮኬት ሠርቷል። ቪ-2 በኖርድሃውዘን አጠገብ በተራራ ሥር በተቆፈረ ዋሻ የተመረተው በሚተልባው-ዶራ ካምፕ እስረኞች ጉልበት ነው፤ መሣሪያውን ሲሠሩ ያለቁት እስረኞች መሣሪያው ከገደላቸው ሰዎች እንደሚበልጡ የታሪክ ጸሐፊዎች ይመሰክራሉ።

ነገር ግን የሮኬት ሐሳብ ሌላም ምንጭ አለው፤ ያ ምንጭ ሃይማኖታዊ ነው። በሞስኮ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የነበረው ኒኮላይ ፊዮዶሮቭ የሰው ልጆች ሁሉ የጋራ ሥራ የሞቱትን አባቶች በእውቀት ማስነሣት ነው ብሎ ያስተምር ነበር፤ የተነሡት ሁሉ የሚኖሩበት ስፍራ ያስፈልጋልና ሰው ወደ ሌሎች ዓለማት መውጣት አለበት ይል ነበር። በ1870ዎቹ በሞስኮ በዚያው ቤተ መጻሕፍት ለብቻው ይማር የነበረው ወጣት ኮንስታንቲን ጺዮልኮቭስኪ በ1903፣ ፊዮዶሮቭ በሞተበት ዓመት፣ ሮኬት ከምድር ስበት እንዴት ሊወጣ እንደሚችል በሒሳብ አሳይቶ አሳተመ። ሞትን የማሸነፍ ተስፋና የመግደል ብልሃት በአንድ መሣሪያ ላይ ተገናኙ። ስለዚህ ሮኬትን ከምንጩ ብቻ መባረክም መኮነንም አይቻልም፤ ሚዛኑ መዋል ያለበት በአጠቃቀሙ ላይ ነው።

ከሁለቱ ኃያላን በኋላ መንገዱን ሌሎችም ያዙት። ፈረንሳይ በ1965 ከአልጄሪያ ሐማጊር፣ ጃፓንና ቻይና በ1970፣ ብሪታንያ በ1971 ከአውስትራሊያ ዉሜራ፣ ሕንድ በ1980 ከስሪሃሪኮታ፣ እስራኤል በ1988፣ ኢራን በ2009፣ ሰሜን ኮሪያ በ2012፣ ደቡብ ኮሪያ በ2013 በገዛ ምድራቸው ወይም በገዛ ሮኬታቸው ሳተላይት አመጠቁ። የማምጠቂያ ስፍራ ምርጫ የመልክዓ ምድር ጉዳይ ነው። ምድር በወገቧ ላይ በሰከንድ 465 ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ስለምትሽከረከር፣ ለምድር ወገብ በቀረበ ቦታ የተነሣ ሮኬት ይህን ፍጥነት በነጻ ያገኛል። አውሮፓውያን በደቡብ አሜሪካ ኩሩን የመረጡት በዚህ ምክንያት ነው። እስራኤል ደግሞ የሮኬቷ ስብርባሪ በጎረቤቶቿ ላይ እንዳይወድቅ በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ወደ ምዕራብ ታስነሣለች፤ ይህም የምድርን ሽክርክሪት የሚቃወም በመሆኑ ብዙ ኃይል ያስከፍላታል።

ምሥራቅ አፍሪካም በዚህ ታሪክ ውስጥ አለች። ጣሊያን በኬንያ ማሊንዲ አጠገብ በባሕር ላይ ባቆመችው የሳን ማርኮ መድረክ፣ በዲሴምበር 12 ቀን 1970፣ የኤክስ ሬይ ከዋክብትን የሚያጠና የአሜሪካ ሳተላይት በአሜሪካ ሮኬት መጠቀ። ቀኑ የኬንያ የነጻነት በዓል ስለነበር ሳተላይቱ ኡሁሩ ተባለ፤ በስዋሂሊ ነጻነት ማለት ነው። መሬቱና ስሙ የአፍሪካ፣ ሮኬቱና እውቀቱ ግን የሌላ ነበር። ይህ አለመመጣጠን ከዚህ በታች የሚመጣውን የባለቤትነት ክርክር ያብራራል።

መውጣቱ ድፍረት ነው?

የባቢሎን ግንብ ታሪክ በብዙ አማኞች ዘንድ ሰማይን ለመንካት መሞከር ትዕቢት ነው የሚል ስሜት ትቷል። ታሪኩ በጥንቃቄ ሲነበብ ግን የተወቀሰው ከፍታው አይደለም፤ ስምን ለማስጠራት መሻቱ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሰባቱ ሰማያት የመላእክት ከተሞችና የእግዚአብሔር መንበር የሚገኙባቸው ናቸው፤ በኪሎ ሜትር የሚቆጠር መንገድ የሚያደርስባቸው ስፍራዎች አይደሉም። ሮኬት ምንም ያህል ቢርቅ ከፍጥረት አይወጣም። ስለዚህ ሳተላይት የአምላክን ስፍራ ደፈረ ማለት የአምላክን ስፍራ ማሳነስ ይሆናል።

በእስልምናም ተመሳሳይ ንባብ አለ። በሱረቱ አር-ራሕማን 33ኛው አንቀጽ ላይ ስለ ሰማያት ዳርቻ ማለፍ የተነገረውን፣ ቀደምት ተንታኞች ከአላህ ፍርድ ማምለጥ እንደማይቻል ማስጠንቀቂያ አድርገው ተረድተውታል፤ በዘመናችን አንዳንዶች ደግሞ በእውቀት ኃይል ወደ ጠፈር መውጣት እንደሚቻል ምልክት አድርገው ያነቡታል። ማሌዥያ በ2007 ሼህ ሙስዛፋር ሹኮር ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ሲሄድ ሙስሊም በምሕዋር ላይ እንዴት እንደሚሰግድ፣ ቂብላን እንዴት እንደሚይዝና እንደሚጾም መመሪያ አዘጋጀች። መውጣቱ የተፈቀደ ባይሆን ኖሮ የአሰጋገዱ ሥርዓት ባልተጻፈ ነበር።

የሌሎች ሃይማኖቶች ልማድም ይህንኑ ያሳያል። በባይኮኑር የሩስያ ኦርቶዶክስ ካህናት ሶዩዝ ሮኬቶችን ጸበል ይረጫሉ። የሕንድ የኅዋ ምርምር ድርጅት ኃላፊዎች ከማምጠቅ በፊት የሮኬቱን ትንሽ ምስል ይዘው ወደ ቲሩማላ ቤተ መቅደስ ይወጣሉ። ሒሳቡ ሁሉ ተሠርቶ ካለቀ በኋላም የማምጠቁ አሥር ደቂቃ በሰው እጅ ብቻ እንዳልሆነ የሚያምኑ ሰዎች ሥራቸውን በጸሎት ይጀምራሉ።

ከፈላስፎች ወገን ጠንከር ያለ ጥርጣሬ ያነሣችው ሐና አረንት ናት። በ1958 ባሳተመችው የሰውን ሁኔታ በሚመረምር መጽሐፏ መግቢያ ላይ ስፑትኒክን አንሥታ፣ ሰዎች በዜናው የተደሰቱት ከምድር እስር የመውጫ የመጀመሪያ እርምጃ አድርገው በማየታቸው መሆኑ አሳሰባት። ምድር ለሰው ያለ ድካም የተሰጠችው መኖሪያ ሆና ሳለ እንደ ወህኒ መታየቷ ለእሷ የአመለካከት ሕመም ነበር። አረንት የጠቆመችው አደጋ እውነተኛ ነው። ይሁንና ሳተላይቶች በተግባር ያደረጉት የተገላቢጦሹን ነው፤ አብዛኞቹ የሚመለከቱት ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ምድር ነው። ደመናዋን፣ ሰብሏን፣ ውኃዋን፣ መንገዷን ያያሉ። ሰው ከምድር የወጣው ምድርን ይበልጥ ለማወቅ ሆኗል። እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ያገኛል፤ መውጣቱ በራሱ ኃጢአት አይደለም።

የያዘው የማን ነው?

በጃንዋሪ 1967 ለፊርማ የቀረበው የውጭው ጠፈር ስምምነት ሁለት መሠረቶች አሉት። አንደኛው አንቀጽ የጠፈር ፍለጋና አጠቃቀም ለአገሮች ሁሉ ጥቅም መዋል እንዳለበትና የሰው ዘር ሁሉ ጉዳይ እንደሆነ ይናገራል። ሁለተኛው አንቀጽ ደግሞ ማንም አገር ጠፈርን በሉዓላዊነት፣ በመጠቀምም ሆነ በመያዝ የራሱ ሊያደርግ እንደማይችል ይደነግጋል። ስድስተኛው አንቀጽ ለግል ድርጅቶች ሥራም መንግሥታትን ተጠያቂ ያደርጋል።

የዚህ ሐሳብ አያት የሆላንዱ ሑጎ ግሮቲየስ ነው። በ1609 ባሳተመው ስለ ነጻ ባሕር በሚናገር ጽሑፉ ባሕርን ማንም ሊይዘው ስለማይችል፣ የአንዱ መጠቀምም ሌላውን ስለማይጎዳ፣ የሁሉም ሆኖ ይቀራል ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ የቆመው በሁለተኛው ምክንያት ላይ ነው። የአንዱ መጠቀም ሌላውን መጉዳት ከጀመረ ነጻነቱ ምን ይሆናል? ጆን ሎክም ሰው በድካሙ ከጋራ ሀብት የራሱን ድርሻ መያዝ የሚችለው ለሌሎች የሚበቃና እኩል መልካም የሆነ ከተረፈ ነው ብሏል። ምሕዋር ሁለቱንም ሁኔታዎች ይፈትናል።

ፈተናው ቀድሞ የታየው ከምድር ወገብ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ባለው ምሕዋር ነው። እዚያ ያለ ሳተላይት ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር ከታች ለሚያየው ባለበት የቆመ ይመስላል፤ የቴሌቪዥን ሥርጭት ሳተላይቶች በዚያ የሚሰለፉት ለዚህ ነው። ቀለበቱ አንድ ብቻ ነው፤ ሬዲዮ ሞገዳቸው እንዳይጋጭ ሳተላይቶቹ መራራቅ አለባቸው። በዲሴምበር 1976 ስምንት የምድር ወገብ አገሮች፣ ከእነሱም ጎረቤታችን ኬንያና ኡጋንዳ፣ በቦጎታ ተሰብስበው ከመሬታቸው በላይ ያለው የቀለበቱ ክፍል የተፈጥሮ ሀብታቸው ነው ብለው አወጁ። ሐሳባቸው በሕግ ተቀባይነት አላገኘም፤ በሁለተኛው አንቀጽ ፊት ሊቆምም አይችልም ነበር። ያነሡት ቅሬታ ግን ፍትሐዊ ነበር። ባለቤት የለውም የተባለውን ስፍራ ሮኬት ያላቸው ቀድመው ሲሞሉት፣ የሌላቸው ተራቸው ሲደርስ የሚያገኙት ምንድን ነው?

ዛሬ ይህ ጥያቄ ወደ ዝቅተኛው ምሕዋር ወርዷል። በሜይ 2019 ስፔስኤክስ የተባለው ኩባንያ የመጀመሪያዎቹን 60 ስታርሊንክ የተባሉ የኢንተርኔት ሳተላይቶች በአንድ ፋልከን 9 ሮኬት አመጠቀ፤ ከዚያ ወዲህ የዚህ አንድ ኩባንያ ሳተላይቶች በሺዎች የሚቆጠሩ ሆነዋል። ገመድ ያልደረሰበት ገጠር ኢንተርኔት ማግኘቱ ትልቅ በጎ ነገር ነው። በዚያው መጠን የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች ምስላቸውን በሳተላይት ብርሃን ተሰንጥቆ ያገኙታል፤ አንድ ከፍታ በአንድ ባለንብረት ከተሞላ በኋላም ሌላ ሰው በዚያ ለመግባት የግጭት አደጋን መሸከም አለበት። ስምምነቱ በመያዝ የራስ ማድረግን ይከለክላል፤ የሺዎች መጨናነቅ ግን ያለ ማኅተምና ያለ ካርታ ተመሳሳዩን ውጤት ያመጣል።

በዚህ ነጥብ ላይ ሃይማኖቶች ከሕግ የጠለቀ ሐሳብ አላቸው። በመዝሙረ ዳዊት አንድ ቦታ ምድርና ሞላዋ የእግዚአብሔር መሆናቸው ይነገራል፤ ሌላ ቦታ ደግሞ ሰማይ የእግዚአብሔር ሆኖ ምድር ለሰው ልጆች መሰጠቷ ይነገራል። የታልሙድ ሊቃውንት ሁለቱን ሲያስታርቁ የመጀመሪያው ቃል ሰው አምላኩን ከመባረኩ በፊት ስላለው፣ ሁለተኛው ከባረከ በኋላ ስላለው ጊዜ ነው አሉ፤ ሰጪውን ሳይባርክ የሚጠቀም የተቀደሰ ንብረት እንደ ነጠቀ ይቆጠራል። በቁርኣን ሱረቱል አሕዛብ ደግሞ አደራው ለሰማያት፣ ለምድርና ለተራሮች ቀርቦ መሸከሙን ፈርተው እምቢ እንዳሉ፣ ሰው ግን እንደተሸከመው ይነገራል። በኦሪት ዘፍጥረትም ሰው በገነት የተቀመጠው እንዲሠራትና እንዲጠብቃት ነው። በሦስቱም ዘንድ የሰው ድርሻ የባለቤት አይደለም፤ የባለ አደራ ነው። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ የሚለው የአገራችን አነጋገርም አደራን ያከበረው በሰማይ ርቀት ለክቶ ነው። ሰማዩ ራሱ አደራ በሆነበት ዘመን አነጋገሩ የበለጠ ይከብዳል።

የባለ አደራ ዕዳ

አደራ የተቀበለ ሰው የተቀበለውን ሳያጎድል መመለስ አለበት። በምሕዋር ያለው ታሪክ ግን የመተው ታሪክ ነው። አሜሪካ በማርች 17 ቀን 1958 ያመጠቀችው ቫንጋርድ 1 ስፋቱ 16.5 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ነው። ሬዲዮው በ1964 ዝም አለ፤ ድቡልቡሉ ግን ዛሬም ይዞራል፣ ገና ለብዙ ትውልድም ይዞራል። በዝቅተኛ ከፍታ ያለ ነገር ቀጭኑ አየር እያዘገመው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወድቆ ይቃጠላል፤ 800 ኪሎ ሜትር አካባቢ ያለው ግን ለአሥርት ዓመታትና ለመቶ ዓመታት ይቆያል፤ ከዚያ በላይ ሺህ ዓመትም አለ።

የዚህን አደጋ ስሌት በ1978 ያቀረቡት የናሳዎቹ ዶናልድ ኬስለርና በርተን ኩር-ፓሌ ናቸው። በምሕዋር ያሉ ነገሮች ሲበዙ ይጋጫሉ፤ እያንዳንዱ ግጭት ብዙ ስብርባሪ ይወልዳል፤ ስብርባሪው ሌላ ግጭት ያመጣል። መጠኑ ከአንድ ደረጃ ካለፈ አዲስ ሳተላይት ባይመጥቅ እንኳ ስብርባሪው በራሱ እየበዛ ይሄዳል። በሰከንድ በርካታ ኪሎ ሜትር በሚደርስ የግጭት ፍጥነት የለውዝ ፍሬ የሚያህል ብረት አንድን ሳተላይት ከጥቅም ውጭ ያደርጋል።

ስሌቱ በተግባር ታይቷል። ቻይና በጃንዋሪ 2007 የገዛ ራሷን አሮጌ የአየር ጠባይ ሳተላይት በሚሳይል መትታ ከ3,000 በላይ የሚታዩ ስብርባሪዎችን በትናለች። በፌብሩዋሪ 10 ቀን 2009 ከሳይቤሪያ በላይ በ789 ኪሎ ሜትር ከፍታ ኢሪዲየም 33 የተባለ በሥራ ላይ ያለ የአሜሪካ ሳተላይትና ሥራ ያቆመ ኮስሞስ 2251 የተባለ የሩስያ ሳተላይት ተጋጩ። አሜሪካ፣ ሕንድና ሩስያም የገዛ ሳተላይታቸውን በመምታት መሣሪያቸውን ሞክረዋል። በእነዚህ ሙከራዎች ጉዳዩን የወሰነው አንድ መንግሥት ነው፤ ስብርባሪውን የሚሸሸው ግን በዚያ ከፍታ የሚያልፍ ሁሉ ነው።

የሚወድቀውም ቢሆን በአስወንጫፊዎቹ ደጅ ብቻ አይወድቅም። በጃንዋሪ 1978 የኑክሌር ማብላያ የያዘው የሶቪየት ኮስሞስ 954 በሰሜን ካናዳ ላይ ተበትኖ ወደቀ፤ ካናዳ ለጽዳቱ ስድስት ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ያህል ጠይቃ በ1981 ሦስት ሚሊዮን ተከፈላት። በሜይ 2020 የቻይና ሎንግ ማርች 5ቢ ሮኬት ቁራጮች በኮት ዲቯር መንደሮች ላይ አረፉ። በዲሴምበር 30 ቀን 2024 ደግሞ በኬንያ ማኩዌኒ፣ ሙኩኩ በተባለ መንደር፣ ሁለት ሜትር ተኩል ስፋትና 500 ኪሎ ያህል ክብደት ያለው የጋለ የብረት ቀለበት ከሰማይ ወረደ፤ የኬንያ የኅዋ ኤጀንሲም የሮኬት ክፍል እንደሚመስል ገለጸ። የመንደሩ ገበሬዎች ሮኬቱን አላዘዙም፣ ከጥቅሙም መካፈላቸውን የጠየቃቸው የለም።

ፈላስፋው ሐንስ ዮናስ በ1979 ባሳተመው ስለ ኃላፊነት መርሕ በሚናገር መጽሐፉ፣ የቀድሞው ሥነ ምግባር በጎረቤታሞች መካከል ስለሚደረግ ነገር ብቻ ይናገር እንደነበር አስረዳ። የዘመኑ ሰው ሥራ ግን ውጤቱ በቦታም በጊዜም እጅግ ሩቅ ስለሚደርስ፣ ገና ላልተወለዱት ሕይወት የሚመጥን ምድር ማቆየት ግዴታ ሆኗል። የምሕዋር ስብርባሪ ለዚህ ትምህርት ከማንኛውም ምሳሌ ይልቅ ይስማማል፤ ሠሪው ከሞተ ከብዙ ትውልድ በኋላ የሚጎዳ ሥራ ነውና።

የጋራ ነገር መጨረሻው ጥፋት ነው የሚሉ አሉ። ጋሬት ሃርዲን በ1968 የጻፈው ይህንን ነው፤ እያንዳንዱ ለራሱ ሲጠቀም የወል ሀብት ይራቆታል። ኤሊኖር ኦስትሮም ግን በብዙ አገሮች የወል ሀብትን ለዘመናት የጠበቁ ማኅበረሰቦችን አጥንታ፣ ደንብ፣ ጠባቂና ቅጣት ካለ የወል ነገር እንደሚቆይ አሳየች፤ በ2009ም ለዚህ ሥራዋ የኖቤል ሽልማት ተሰጣት። በአገራችን የመንዝ ጓሳ የተባለው የወል መሬት ለዚህ ምስክር ነው። ለቤት ክዳን የሚሆነው የጓሳ ሣር እንዲያገግም መሬቱ ለዓመታት ይዘጋ፣ ጠባቂ ይቆምለት፣ የጣሰም ይቀጣ ነበር፤ ጊዜው ሲደርስ ለባለመብቶቹ ይከፈት ነበር። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም በዚያ የሚገኙት መሬቱ ባለቤት ስላጣ ሳይሆን ጠባቂዎች ስለነበሩት ነው። ምሕዋርም የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ሥራቸውን የጨረሱ ሳተላይቶች በ25 ዓመት ውስጥ እንዲወርዱ የኅዋ ድርጅቶች የተስማሙበት መመሪያ አለ፤ የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽንም በ2022 ጊዜውን ወደ አምስት ዓመት አሳጥሮታል። ደንቡ አለ፤ በዓለም ደረጃ የጎደለው ጠባቂውና ቅጣቱ ነው።

የተራበ ባለበት ለሳተላይት ማውጣት

የባለ አደራ ጥያቄ ሌላም ገጽታ አለው፤ ገንዘብም አደራ ነው። በ1970 በዛምቢያ የምታገለግል ሜሪ ጁኩንዳ የተባለች መነኩሲት በናሳ ለሚሠራው ለኤርንስት ሽቱሊንገር ጻፈችለት፤ ሕፃናት በረሃብ እየሞቱ ይህን ሁሉ ገንዘብ ለጠፈር ማውጣት እንዴት ይቻላል ስትል ጠየቀች። ሽቱሊንገር ሳይቆጣ ረጅም መልስ ሰጣት። የረሃብ ችግር ምግብ ከማምረት ጋር ምግብን በትክክለኛው ጊዜ ወደ ትክክለኛው ቦታ ማድረስንም እንደሚጠይቅ፣ ሳተላይት ሰብልን፣ ዝናብንና ድርቅን በማየት ለዚህ እንደሚያግዝ አስረዳ።

ታሪክ ለሁለቱም መሰከረ። የላንድሳት ሳተላይቶች ከ1972 ጀምሮ ምድርን ይቃኛሉ፤ በ1977 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የደረሰው ረሃብ ግን ዓለም ዓይን አጥቶ የደረሰ አልነበረም፤ መረጃውን ተቀብሎ በጊዜ የሚሠራ አካልና ፈቃደኝነት ስለጎደለ ነበር። በዚያ መከራ ምክንያት አሜሪካ በ1985 የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓትን አቋቋመች፤ ሥርዓቱም በሳተላይት የሚታየውን የዕፅዋት ልምላሜና የዝናብ ሁኔታ ከገበያ ዋጋ ጋር እያስተያየ ረሃብ ከመግባቱ ወራት ቀድሞ እንዲያስጠነቅቅ ተደረገ። ስለዚህ መነኩሲቷ የጠየቀችው ትክክል ነበር፣ ሽቱሊንገርም የመለሰው ትክክል ነበር። ሳተላይት የሚያጠፋው ረሃብን ሳይሆን የአላየሁም ሰበብን ነው። ካየ በኋላ ያልረዳ ደግሞ ካላየው ይልቅ በደለኛ ነው።

ኢትዮጵያ ወደዚህ ሥራ የገባችው ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ኢቲአርኤስኤስ-1 የተባለችው 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝን ሳተላይት በቻይና ከታይዩዋን ጣቢያ በሎንግ ማርች 4ቢ ሮኬት መጠቀች፤ መቆጣጠሪያዋም በእንጦጦ ተቋቋመ። ዓላማዋ ለግብርና፣ ለውኃና ለአካባቢ ጥበቃ የሚውል ምስል መሰብሰብ ነበር። በዓመቱ በዲሴምበር 2020 ሁለተኛዋ ተከተለች። በደስታው መካከል ጥቂት ሰው ያስተዋለው አንድ ነገር አለ። ስለ ጉዳት ኃላፊነት የወጣው የ1972ቱ ስምምነት አምጣቂ የሚለው ሮኬቱ የተነሣበትን አገር ብቻ ሳይሆን፣ በሌላ አገር ሮኬት ያስመጠቀውንም ነው። ሮኬት የሌላት አገርም ሳተላይት ባስመጠቀች ቀን ከተበዳዮች ተርታ ወጥታ ከባለ አደራዎች ተርታ ትገባለች።

ፍርዱ

እንግዲህ ሦስቱም ጥያቄዎች መልስ አላቸው። ሰው ወደ ሰማይ መውጣቱ ድፍረት አይደለም፤ ለስም ማስጠራት ወይም ለጥፋት ሲያውለው ግን ይሆናል። የያዘው ስፍራ የእሱ አይደለም፤ የሚጠቀምበት የሌላውን ድርሻ እስካልዘጋ ድረስ ነው። ዕዳውም ያወጣውን ማውረድ፣ ያየውን ለባለጉዳዩ መንገር፣ የጎዳውን መካስ ነው። ሳተላይቱን የሚያወርድበትን መንገድ ሳያዘጋጅ የሚያመጥቅ መንግሥትም ሆነ ኩባንያ የጋራ ሀብት እየወሰደ ነው እንጂ እየተጠቀመ አይደለም።

ይህ መልስ ትልልቆቹን አገሮች ብቻ የሚመለከት አይደለም። ኢትዮጵያ ሦስተኛዋን ሳተላይት ስታዝ፣ አገልግሎቷን ስትጨርስ እንዴት እንደምትወርድ በውሉ ውስጥ ማስጻፍ አለባት፤ የምትሰበስበው ምስልም ለገበሬውና ለተመራማሪው በቀላሉ እንዲደርስ ማድረግ አለባት። ለዚህ ሮኬት መሥራት አያስፈልግም፤ አደራን ማወቅ ይበቃል። የሃይማኖት አባቶች፣ መምህራንና የሕግ ባለሙያዎችም ጉዳዩን ለመሐንዲሶች ብቻ ትተው መቀመጥ የለባቸውም። የምሕዋር ደንብ ዛሬ እየተጻፈ ነው፤ ሲጻፍ ዝም ያለ አገር ነገ በደንቡ ይገዛል።